«እርጅና ነው» ብለን የምናልፈው ድካም ስለ ልባችን ምን ይነግረናል?



አባት ደረጃ ሲወጡ መሐል ላይ ቆመው ትንፋሽ ቢወስዱ፣ እናት ከተቀመጡበት ለመነሣት የሰው እጅ ቢፈልጉ፣ አያት ትናንት የተነገራቸውን ዛሬ መልሰው ቢጠይቁ በየቤታችን የሚሰጠው መልስ አንድ ነው። «ምን ይደረግ፣ እርጅና ነው» ይባላል። አባባሉ ከአዘኔታ የመነጨ ቢሆንም ብዙ ጊዜ ሕክምናን ያዘገያል። ዕድሜ ሲገፋ የሚታየው የጉልበትና የአእምሮ መድከም ሁሉ ከዕድሜ ብቻ የመጣ አይደለምና። አንዳንዱ ድካም የልብና የደም ሥር ሕመም ራሱን በግልጽ ከማሳየቱ በፊት የሚልከው መልእክት ነው።

የልብና የደም ሥር በሽታዎች በዓለም ላይ ከማንኛውም ሌላ በሽታ የበለጠ ሰው ይገድላሉ። የዓለም የጤና ድርጅት ባወጣው ግምት በ2019 ብቻ 17.9 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በእነዚህ በሽታዎች ሕይወታቸው አልፏል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከዚህ ውስጥ ከሦስት አራተኛ በላይ የሚሆነው ሞት የደረሰው ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። ስለዚህ የልብ በሽታ የሀብታም በሽታ ነው የሚለው አስተሳሰብ ጊዜው ያለፈበት ነው።

ውስጣዊ አቅም ሲባል ምን ማለት ነው?

የዓለም የጤና ድርጅት በ2015 ስለ እርጅናና ጤና ባወጣው ዘገባ ጤናማ እርጅናን በበሽታ ብዛት ብቻ መለካት እንደማይበቃ አስረድቷል። ሁለት የ70 ዓመት አዛውንቶችን እንውሰድ። ሁለቱም የደም ግፊት አለባቸው። አንዱ ግን ሱብሂን በእግራቸው ሄደው መስጂድ ይሰግዳሉ፣ ገበያ ይወጣሉ፣ ገንዘባቸውን ራሳቸው ይቆጥራሉ። ሌላው ከአልጋ ወደ በር ለመድረስ ይቸገራሉ። በካርዳቸው ላይ የተጻፈው የበሽታ ስም አንድ ይሁን እንጂ ያላቸው አቅም በጣም የተለያየ ነው።

ድርጅቱ ይህን አንድ ሰው በአካሉና በአእምሮው ያለውን ጠቅላላ ችሎታ «ውስጣዊ አቅም» ይለዋል። በተግባር ሲመረመርም በስድስት ነገሮች ይታያል፦ መንቀሳቀስ፣ ማስታወስና ማሰብ፣ በበቂ ሁኔታ መመገብና ክብደትን ጠብቆ መቆየት፣ ማየት፣ መስማት፣ እንዲሁም የስሜት ጤንነት ናቸው። እነዚህ ስድስቱ ተያይዘው የሚሄዱ ናቸው። መስማት የተሳነው ሰው ከጨዋታ ይርቃል፤ ከሰው የራቀ ሰው ይተክዛል፤ የተከዘ ሰው ምግብ ይቀንሳል፤ ምግብ የቀነሰ ሰው ጉልበቱ ይከዳዋል።

ጥናቶቹ ምን አሳዩ?

በእንግሊዝ አገር ከ2006 እስከ 2010 ባለው ጊዜ ዕድሜያቸው ከ40 እስከ 69 የሆነ ግማሽ ሚሊዮን ያህል ሰዎች የተመዘገቡበት «ዩኬ ባዮባንክ» የተባለ ሰፊ የጤና መዝገብ አለ። ከእነዚህ ውስጥ ከ400 ሺህ የሚበልጡትን ከ10 ዓመት በላይ የተከታተለና በ2023 የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፣ መጀመሪያ ላይ ውስጣዊ አቅማቸው ቀንሶ የነበረ ሰዎች ከጊዜ በኋላ በልብና በደም ሥር በሽታ የመያዝም ሆነ የመሞት ዕድላቸው ከፍ ያለ ነበር።

ሁለተኛው ጥናት የእጅ የመጨበጥ ኃይልን የሚመለከት ሲሆን በ2015 ይፋ ሆኗል። ፓኪስታን፣ ማሌዢያ፣ ቱርክና ዚምባብዌን ጨምሮ በ17 አገሮች የሚኖሩ ወደ 140 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች ተሳትፈውበታል። የመጨበጥ ኃይል በ5 ኪሎ ባነሰ ቁጥር በልብና በደም ሥር በሽታ የመሞት ዕድል በ17 በመቶ ይጨምር ነበር። ማን ቀድሞ ሊሞት እንደሚችል በመጠቆም ረገድ የመጨበጥ ኃይል ከላይኛው የደም ግፊት ቁጥር የተሻለ ሆኖ መገኘቱ ብዙዎችን አስገርሟል።

ሦስተኛው የብራዚል ተመራማሪዎች ሥራ ነው። ተመርማሪው በባዶ እግሩ መሬት ላይ እንዲቀመጥና መልሶ እንዲነሣ ይጠየቃል። ለመቀመጡ 5፣ ለመነሣቱ 5፣ በድምሩ 10 ነጥብ ይያዝለታል። በእጁ ወይም በጉልበቱ በተደገፈ ቁጥር 1 ነጥብ፣ ሚዛኑን ሲስት ደግሞ ግማሽ ነጥብ ይቀነስበታል። ከ46 እስከ 75 ዓመት የሆናቸውን ከ4,200 በላይ ሰዎች ለ12 ዓመታት ያህል ተከታትለው በ2025 ባሳተሙት ውጤት፣ ከ0 እስከ 4 ነጥብ ያገኙት ሙሉ ነጥብ ካገኙት ጋር ሲነጻጸሩ በልብና በደም ሥር በሽታ የመሞት ዕድላቸው ስድስት እጥፍ ገደማ ሆኗል።

ይህ ማለት ግን እጁ የላላ ወይም ጉልበቱ የደከመ ሁሉ ልቡ ታሟል ማለት አይደለም። የተሰበረ እግር ወይም የጉልበት መገጣጠሚያ ሕመምም ሰውን ከመነሣት ያግዳል። ጥናቶቹ የሚሉት ድካሙ ምክንያቱ ሳይጣራ መታለፍ የለበትም ነው።

ጉልበትንና አእምሮን ከልብ ጋር ያገናኛቸው ምንድን ነው?

የመጀመሪያው መገናኛ የደም ሥር ነው። በደም ወሳጅ ቧንቧዎች ግድግዳ ላይ የሚጋገረው ቅባት ልብ ላይ ብቻ አይወሰንም። የእግር ደም ሥር ሲጠብ ሰውየው ጥቂት እንደተራመደ ባቱን ያመዋል፤ ቆም ሲል ይተወዋል። አእምሯችን ደግሞ ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ያህል ብቻ ሆኖ ሳለ ሰውነታችን ከሚጠቀመው ኦክስጅን 20 በመቶ ያህሉን ይወስዳል። ለዓመታት ያልታከመ የደም ግፊት በአእምሮ ውስጥ ያሉትን ቀጫጭን የደም ሥሮች ሲጎዳ ሐሳብ ይዘገያል፣ እርምጃ ያጥራል፣ መርሳት ይመጣል።

ሁለተኛው ጡንቻ ነው። ጡንቻ ዕቃ መሸከሚያ ብቻ አይደለም። ከምግብ በኋላ በደም ውስጥ የሚገባውን ስኳር አብዛኛውን የሚቀበለው እርሱ ነው። ጡንቻ ሲሳሳ ስኳሩ ማረፊያ ያጣል፣ በደም ውስጥ ይከማቻል፣ ውሎ አድሮም የደም ሥርን ይጎዳል።

ሦስተኛው ክብ ሆኖ የሚዞረው ችግር ነው። ልብ ሲደክም ለጡንቻና ለአእምሮ የሚደርሰው ደም ይቀንሳል። ሰውየው ስለደከመው ይቀመጣል። ስለተቀመጠ ጡንቻው ይሟሽሻል፣ ክብደቱና ግፊቱ ይጨምራል። ይህ ደግሞ ተመልሶ ልብን ያደክማል። የሚዘነጋ ሰው መድኃኒቱንም ስለሚዘነጋ ክቡ ይበልጥ ይጠብቃል።

በሶላት ላይ የሚታዩ ምልክቶች

እኛ ሙስሊሞች ይህን ለውጥ በጊዜ ለማየት የሚያስችል አጋጣሚ በየቀኑ አለን። በአምስቱ ወቅት ፈርድ ሶላቶች 17 ረከዓዎች ይሰገዳሉ። ሱብሂ ላይ 1፣ ዙህርና ዐስር ላይ 3፣ 3፣ መግሪብ ላይ 2፣ ዒሻእ ላይ 3 ጊዜ ከመሬት ተነሥተን እንቆማለን። ይህ ሱና ሶላቶችን ሳይጨምር በቀን 12 ጊዜ ከመሬት ወደ መቆም መነሣት ነው። ሶላት ዒባዳ እንጂ የአካል ፈተና አይደለም፤ ሲነሡ በእጅ መደገፍም ጉድለት ሆኖ የሚቆጠር አይደለም። ልብ ልንለው የሚገባው ሰውየው ከራሱ ከቀድሞው ሁኔታ ጋር ሲነጻጸር ያሳየውን ለውጥ ነው።

ወላጃችሁ በቅርቡ ወንበር ላይ መስገድ ከጀመሩ ነውር የለበትም፤ ሸሪዓውም ላልቻለ ሰው ፈቅዶለታል። ነገር ግን «ለምን ወንበር ፈለጉ?» ብላችሁ በአክብሮት ጠይቁ። መልሳቸው «ጉልበቴን ያመኛል» ከሆነ ችግሩ የመገጣጠሚያ ሊሆን ይችላል። «ጎንበስ ስል ትንፋሽ ያጥረኛል» ካሉ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በሩኩዕ ወይም በሱጁድ ጊዜ እንደሚሆነው ወደፊት በማጎንበስ የሚመጣ የትንፋሽ ማጠር ሐኪሞች ከሚያውቋቸው የልብ ድካም ምልክቶች አንዱ ነው። «ስነሣ ያዞረኛል» ካሉ ደግሞ ሲቆሙ የደም ግፊታቸው በድንገት እየወረደ፣ የመድኃኒቱ መጠን በዝቶ ወይም ሰውነታቸው ውሃ አጥሮት ሊሆን ይችላል።

የረከዓ ቁጥር መጠራጠር ለማንኛውም ሰው ያጋጥማል፤ ሱጁድ አስ-ሰህው የተደነገገውም ለዚሁ ነው። ከዚህ በፊት እንዲህ ያልነበሩ ሰው በየሶላቱ መሳት ከጀመሩ፣ ሰግደው ሳለ «ሰገድኩ ወይ?» እያሉ ከጠየቁ፣ ወይም ከለመዱት መስጂድ ሲመለሱ መንገድ ከጠፋባቸው ግን ወደ ሐኪም መውሰድ ተገቢ ነው።

በቤት የሚደረግ ቀላል ፍተሻ

ዕድሜያቸው 60 ያለፈ የቤተሰብ አባላትን በዓመት አንድ ሁለቴ እንዲህ መፈተሽ ይቻላል። አንድ ሰው አጠገባቸው ይቁም፤ ወንበሩም ግድግዳ የተደገፈ ይሁን።

1. እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው ከወንበር 5 ጊዜ ይነሡና ይቀመጡ። ከ14 ሴኮንድ በላይ ከወሰደባቸው ወይም ካልቻሉ የጉልበት መቀነስ አለ።
2. ሦስት ተራ ቃላት (ለምሳሌ በር፣ አበባ፣ ሩዝ) ንገሯቸው። ዛሬ ምን ቀን እንደሆነና የት እንዳሉ ከጠየቃችኋቸው በኋላ ሦስቱን ቃላት እንዲደግሙ አድርጉ።
3. ባለፉት 3 ወራት ሳያስቡት ከ3 ኪሎ በላይ ቀንሰዋል? የምግብ ፍላጎታቸውስ ጠፍቷል? ሚዛን ከሌለ የልብስና የቀበቶ መስፋት ይነግራችኋል።
4. ከኋላቸው ሆናችሁ በሹክሹክታ ስታናግሯቸው ይሰማሉ? በቅርብም በሩቅም በደንብ ያያሉ?
5. ባለፉት 2 ሳምንታት በኀዘን ወይም በተስፋ መቁረጥ ተውጠው፣ ወይም ቀድሞ የሚያስደስታቸው ነገር አላስደስት ብሏቸው ነበር?

ከእነዚህ በአንዱ እንኳ ችግር ከታየ ውጤቱን ይዛችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ይህ ፍተሻ በሽታን ለይቶ አይነግርም፤ በር ያንኳኳል እንጂ። ስትሄዱ የደም ግፊት፣ የስኳርና የደም ቅባት ምርመራ እንዲደረግላቸው፣ የልብ ምታቸውም እንዲታይ ጠይቁ። መሬት ላይ ተቀምጦ የመነሣቱን የብራዚሎች ፈተና ግን ለደካማ አዛውንት በቤት አትሞክሩት፤ መውደቅን ያስከትላል።

ምን እናድርግ?

ደስ የሚያሰኘው ነገር ይህ ድካም በብዙ ሰው ላይ ሊዘገይ የሚችል መሆኑ ነው። በፊንላንድ ከ60 እስከ 77 ዓመት የሆናቸው 1,260 ሰዎች የተሳተፉበትና በ2015 የታተመ ጥናት፣ አመጋገብን፣ የአካል እንቅስቃሴን፣ የአእምሮ ልምምድንና የግፊት፣ የስኳርና የቅባት ክትትልን አንድ ላይ ማካሄድ በ2 ዓመት ውስጥ የማሰብ ችሎታን እንደሚደግፍ አሳይቷል። በ2024 የወጣው የላንሴት ኮሚሽን ዘገባም 14 አጋላጭ ምክንያቶችን ዘርዝሮ፣ እነርሱን በማስወገድ 45 በመቶ የሚሆነውን የመርሳት በሽታ መከላከል ወይም ማዘግየት ሊቻል እንደሚችል ገምቷል። ከ14ቱ ውስጥ የደም ግፊት፣ ስኳር፣ ኮሌስትሮል፣ ሲጋራና አለመንቀሳቀስ የልብም ጠላቶች ናቸው።

የደም ግፊትን ማወቅና መቆጣጠር፦ በዓለም ላይ ካሉት የደም ግፊት ሕሙማን ግማሽ ያህሉ በሽታው እንዳለባቸው አያውቁም። ግፊት አያምምም፤ ካልተለካ አይታወቅም። በአሜሪካ ከ50 ዓመት በላይ የሆናቸውን ከ9 ሺህ በላይ ሰዎች ያካተተና በ2019 የታተመ ጥናት፣ የላይኛውን ቁጥር ከ120 በታች ለማድረግ የታከሙት ከ140 በታች ለማድረግ ከታከሙት ይልቅ መለስተኛ የማስታወስ ችግር ያገኛቸው በ19 በመቶ ያነሰ መሆኑን አሳይቷል። ለእያንዳንዱ ሰው የሚስማማውን ቁጥር የሚወስነው ግን ሐኪሙ ነው፤ ለደከመና ለሚያዞረው ሰው ብዙ ማውረድ ጉዳት ሊኖረው ይችላል። መድኃኒቱን «ተሻለኝ» ብሎ ማቋረጥም አደገኛ ነው።

መንቀሳቀስ፦ የዓለም የጤና ድርጅት በ2020 ባወጣው መመሪያ መሠረት በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ ያስፈልጋል። ይህም በሳምንት 5 ቀን 30 ደቂቃ መሆኑ ነው። ቅርብ ወዳለ መስጂድ በእግር መሄድና መመለስ ከዚህ ውስጥ ይቆጠራል። ከዚህ ሌላ በሳምንት ቢያንስ 2 ቀን ጡንቻን የሚያጠነክር፣ 3 ቀን ደግሞ ሚዛን የሚያስጠብቅ እንቅስቃሴ ለአዛውንት ይመከራል። ከወንበር ደጋግሞ መነሣትና መቀመጥ፣ ግድግዳ ይዞ በእግር ጣት መቆም፣ ውሃ የተሞላ የላስቲክ ጠርሙስ ከፍ ዝቅ ማድረግ በቂ ጅምር ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው ከ5 ደቂቃም ቢሆን ይጀመር። ሲራመድ ደረቱን የሚያመው ሰው ግን አስቀድሞ ሐኪም ያማክር።

አመጋገብ፦ የጨው መጠን በቀን ከ5 ግራም፣ ማለትም ከአንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ማነስ አለበት። በርበሬውና ሽሮው ሲዘጋጅ የገባውን፣ በአንዳንድ አካባቢ ቡና ላይ የሚጨመረውንም ጨው አብራችሁ ቁጠሩ። ቅቤና ጮማ ይቀነስ፤ የሚረጋው ዘይት ፈሳሽ በሆነው ይተካ፤ ሳምቡሳ የተጠበሰበትን ዘይት ደጋግሞ ማፍላት ይቅር። ከዚህ ጎን ለጎን ግን አዛውንትን በጎመን ብቻ ማዋል ስሕተት ነው። ጡንቻ የሚገነባው በፕሮቲን ስለሆነ ምስር፣ ባቄላ፣ ሽሮ፣ እንቁላል፣ ወተትና ዓሣ እንደ አቅም በየማዕዱ ይቅረቡላቸው። ለልጅና ለልጅ ልጅ እያጎረሱ «እኔ በቃኝ» የሚሉ እናቶች ሳይታወቅ እየከሱ እንደሚሄዱ አትዘንጉ።

ጫት፣ ሲጋራና ሺሻ፦ ጫት የልብ ምትንና የደም ግፊትን ይጨምራል፤ የደም ሥርንም ያጠብባል። በየመን ዋና ከተማ በሰንዓ የልብ ድንገተኛ ሕመም ያገኛቸውን ሰዎች ካላገኛቸው ጋር ያነጻጸረና በ2005 የታተመ ጥናት፣ ጫት መቃም ከዚህ ሕመም ጋር የተያያዘ መሆኑን፣ ብዙ በሚቅሙት ላይም አደጋው የጎላ መሆኑን አሳይቷል። ሲጋራ ወይም ሺሻ ሲታከልበትና ለሰዓታት ሳይንቀሳቀሱ መቀመጥ ሲጨመርበት ጉዳቱ ይደራረባል።

ጆሮና ወዳጅነት፦ የመስማት ችግርና ብቸኝነት ከ14ቱ አጋላጭ ምክንያቶች መካከል ናቸው። አዛውንቱ «አይሰሙም» ተብለው ከጨዋታ አይገለሉ። ጆሯቸው ይታይ፤ አንዳንዴ የተጠራቀመ ኩክ ማስወጣት ብቻ ይበቃል። ዘመድን መጠየቅ፣ ከጀመዓ ጋር መገናኘት፣ ለልጆች ቁርኣን ማስቀራት ለአእምሮም ሥራ ይሰጠዋል።

ረመዷን ሲቃረብ

የልብ፣ የግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ረመዷን ከመግባቱ አንድ ሁለት ወር አስቀድመው ሐኪማቸውን ያማክሩ። በቀን አንዴ የሚወሰዱ ብዙ መድኃኒቶች ወደ ኢፍጣር ወይም ወደ ሱሑር ሊዛወሩ ይችላሉ፤ ሽንት የሚያበዙት ግን የሰውነትን ውሃ ስለሚቀንሱ ጥንቃቄ ይሻሉ። በቅርቡ የልብ ድንገተኛ ሕመም ያገኘው ወይም የልብ ድካሙ ያልተረጋጋ ሰው እንዳይጾም ሐኪሞች ይመክራሉ። ለሕመምተኛ የተሰጠው ፈቃድ የታወቀ በመሆኑ ጉዳዩን ከሐኪምም ከዓሊምም ጋር ተነጋግሮ መወሰን እንጂ መድኃኒትን ደብቆ ማቋረጥ አይገባም።

ጊዜ የማይሰጡ ምልክቶች

የሚከተሉት ሲታዩ እስከ ነገ መጠበቅ የለም፤ ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል መሄድ ይገባል፦

- ደረትን የሚጨምቅ፣ ወደ ክንድ፣ ወደ አንገት ወይም ወደ መንጋጋ የሚዛመት ሕመም፣ ከላብና ከማቅለሽለሽ ጋር፤
- ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር፣ ወይም ራስን ስቶ መውደቅ፤
- የፊት በአንድ በኩል መጣመም፣ የአንድ እጅ ወይም እግር መዛል፣ የንግግር መኮላተፍ፤
- በአንድ ቀን ውስጥ የመጣ ግራ መጋባት።

በአዛውንትና በስኳር ሕሙማን ላይ የልብ ድንገተኛ ሕመም ያለ ደረት ሕመም ሊመጣ ይችላል። ምልክቱ ድንገተኛ ድካም፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም መዘባረቅ ብቻ ሊሆን ይችላል። እግር ማበጥና ትራስ ካልተደራረበ መተኛት አለመቻል ደግሞ በዚያው ሳምንት ሐኪም ሊያያቸው የሚገቡ ምልክቶች ናቸው።

ውድ አንባቢያን፣ እርጅና የማይቀር የአላህ ሥራ ነው። ከእርጅና ጋር የሚመጣው ድካም ሁሉ ግን የማይታከም አይደለም። ወላጆቻችን ሲነሡ፣ ሲራመዱ፣ ሲያስታውሱ ያሳዩትን ለውጥ ከማንም በፊት የምናየው አብረናቸው የምንኖረው እኛ ነን። ባየን ጊዜ «እርጅና ነው» ብለን ከማለፋችን በፊት ግፊታቸውን እናስለካ። አላህ ለአረጋውያኖቻችን ጤናና ዓፊያ ይስጥልን፤ እኛንም የሚገባቸውን ኺድማ የምናደርግ ያድርገን።